«ፀሐይ» በ12 አጻጻፍ፦ ከቅጽ የመጣን ጽሑፍ ዳታቤዝ ከመጠየቅ በፊት የት እና እንዴት እናስተካክለው?

ጥያቄ፦ «በጃንጎ (በፓይተን የዌብ ሲስተም መሥሪያ) እና በፖስትግሬስ (ዳታቤዝ) የአንድ ክሊኒክ የካርድ ክፍል ሲስተም እየሠራሁ ነው። ካርድ አውጪዋ ስም፣ ስልክ ወይም የትውልድ ቀን አስገብታ ታካሚውን ትፈልጋለች። አንዷ ‹ፀሐይ› ብላ የመዘገበቻትን ሌላዋ ‹ጸሃይ› ብላ ስትፈልጋት አትመጣም፤ በዚህ የተነሳ ለአንድ ሰው ሁለትና ሦስት ካርድ እየወጣ ነው። የመጣውን ጽሑፍ ኩዌሪ ከማድረጌ፣ ማለትም ዳታቤዙን ከመጠየቄ፣ በፊት ልቀይረው ብዬ ሪኩዌስት ፖስት ላይ ስጽፍ አይቀየርም የሚል ኤረር ይሰጠኛል። ‹ሚውተብል የሚለውን ትሩ አድርጊው›፣ ማለትም እንዲቀየር ፍቀጂ፣ የሚል መልስ አይቻለሁ። ልክ ነው? ካልሆነ የት ላይ ልቀይረው?»

እህቴ፣ ሚውተብሉን ትሩ ብታደርጊው ይሠራል፤ እኔ ግን አታድርጊው እላለሁ። ጃንጎ ያንን የቆለፈው በምክንያት ነው። ሪኩዌስት ፖስት ውስጥ ያለው ተጠቃሚዋ ከብራውዘሯ የላከችው ቃል ነው። ሚድልዌሩም (እያንዳንዱ ሪኩዌስት የሚያልፍበት ኮድ)፣ ሎጉም (የሲስተሙ መዝገብ)፣ ሌላ ፎርምም ያንኑ ሊያነቡ ይችላሉ። አንድ ቦታ ላይ ከቀየርሽው ከዚያ በኋላ የሚያነቡት ሁሉ የአንቺን ጽሑፍ የእሷ ነው ብለው ይወስዱታል። ሌላም አለ። ቅጹ ስህተት ተገኝቶበት ተመልሶ ሲከፈት ካርድ አውጪዋ የሚታያት እሷ የጻፈችው ሳይሆን አንቺ የቀየርሽው ነው። «እኔ እንዲህ አልጻፍኩም» ትላለች፤ እውነቷን ነው። ኮፒ አድርጎ ኮፒውን ለፎርሙ መስጠትም ኤረሩን ያስቀራል እንጂ ይህን አይፈታም።

ቦታው ፎርሙ፣ ማለትም ቅጹን የሚመረምረው የጃንጎ ክላስ፣ ውስጥ ነው። ጃንጎ «ኢዝ ቫሊድ» (ቅጹ ትክክል ነው ወይ) ስትዪው መጀመሪያ የእያንዳንዱን ፊልድ ጽሑፍ ወደ ፓይተን ዓይነቱ ይለውጣል፤ ቀጥሎ ርዝመቱንና ሌሎች ደንቦችን ይመረምራል፤ ከዚያ በኋላ ነው አንቺ የጻፍሽውን የዚያን ፊልድ የማጽጃ ሜተድ፣ «ክሊን» ብለሽ በታች ሰረዝ (_) የፊልዱን ስም የምታስከትዪበትን፣ የሚጠራው። በመጨረሻ የቅጹ ጠቅላላ «ክሊን» ይመጣል። ሜተዱ የመለሰው ዋጋ «ክሊንድ ዳታ» ውስጥ ይገባል፤ ኩዌሪሽ ማንበብ ያለበት ከዚያ ብቻ ነው። የተላከው እንዳለ ተቀምጦ የተስተካከለው በጎኑ ይቆማል ማለት ነው።

ይህን ቅደም ተከተል አጥብቄ የነገርኩሽ ሁለት ጊዜ ሰው ሲያስቸግር ስላየሁ ነው። አንደኛው የስልክ ፊልድ ነው። ርዝመቱን 10 ብለሽ ገድበሽ፣ ክፍተቱንና +251ን የሚያነሳውን ኮድ ማጽጃው ሜተድ ውስጥ ብታስቀምጪ፣ ኮድሽ በጭራሽ አይደርስም። ከ+251 ጀምሮ በየመሐሉ ክፍተት የገባበት ቁጥር 17 ሆሄ ይሆናል፤ የርዝመት ምርመራው ከአንቺ ሜተድ በፊት ስለሚመጣ «ረዝሟል» ብሎ ይመልሰዋል። ወይ የቅጹን ገደብ አስፊው፣ ወይ የራስሽን ፊልድ ሠርተሽ ለውጡን በመጀመሪያው ደረጃ አድርጊው። ሁለተኛው ከዚህ ይከፋል። አንዳንዱ ሰው «ኢዝ ቫሊድ» ካለፈ በኋላ ቪው (ሪኩዌስቱን የሚያስተናግደው ኮድ) ውስጥ ዋጋውን ይለውጥና ይመዘግባል። ሞዴል ፎርም (ከዳታቤዙ ሠንጠረዥ ጋር የተያያዘ ፎርም) «ይህ ቁጥር ቀድሞ ተመዝግቧል ወይ» ብሎ የሚጠይቀው ግን እዚያው ማጣሪያው ውስጥ ነው። ያልተስተካከለው ቁጥር «አልተመዘገበም» ተብሎ ያልፋል፤ የተስተካከለው ዳታቤዙ ላይ ሲደርስ ካለው ጋር ይጋጫል፤ ካርድ አውጪዋ ፊት ሰርቨር ኤረር ይወጣል። ለውጡ ከምርመራው በፊት ይሁን ያልኩሽ ለዚህ ነው።

አሁን ወደ ዋናው፣ ወደ ስሙ እንምጣ።

«ፀሐይ» የሚለውን ስም በድምፅ ሳይለወጥ ስንት ዓይነት መጻፍ ይቻላል? የመጀመሪያው ፊደል ፀሐዩ ፀ ወይም ጸሎቱ ጸ ነው፤ ሁለተኛው ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ፣ ኃ ሊሆን ይችላል። ሁለት በስድስት፣ 12 አጻጻፍ። «ዓለምፀሐይ» ስትዪ ደግሞ ፊት ላይ አ፣ ኣ፣ ዐ፣ ዓ ይጨመራሉ፤ 48 ይሆናል። አንዳንዱ ሰው «ዓለም ፀሐይ» ብሎ ለይቶ ስለሚጽፍ 96 በይው። ለኮምፒውተሩ እነዚህ 96 የተለያዩ ሰዎች ናቸው። በዩኒኮድ (ለእያንዳንዱ ፊደል ቁጥር በሚሰጠው ዓለም አቀፍ ሠንጠረዥ) ሃሌታው ሀ ቁጥሩ 4608፣ ሐመሩ ሐ 4624፣ ብዙኃኑ ኀ 4736 ነው፤ አንዱ ከሌላው ጋር ዝምድና የለውም። የዩኒኮድ ኖርማላይዜሽን የሚባለውን፣ የአንድን ፊደል የተለያየ አቀማመጥ አንድ የሚያደርገውን፣ ብታሠሪውም አንድ አያደርጋቸውም፤ ለእሱ ሦስቱም ራሳቸውን የቻሉ ፊደላት ናቸው። ለፈረንጅ ፊደል የሚሠራው ትልቁንና ትንሹን ፊደል ሳይለይ የመፈለግ ዘዴም እኛን አይረዳንም። ሥራውን ራሳችን መሥራት አለብን።

ግን በየትኛው ጽሑፍ ላይ? ከዓመታት በፊት ለአንድ የጤና ተቋም በሠራሁት ሲስተም ላይ ይኸው የአንቺ ችግር ገጠመኝ። የታካሚዎችን ስም በሙሉ በአንድ ትእዛዝ ወደ አንድ አጻጻፍ ለወጥኩት። ፍለጋው ወዲያው ተስተካከለ፤ ሠራተኞቹም ደስ አላቸው። ጥቂት ቀን ሳይቆይ አንድ አባት የልጃቸውን የሕክምና ማስረጃ ይዘው ተመለሱ። ልጁ ሠረቀ ብርሃን ይባላል። በንጉሡ ሠ «ሠረቀ» ማለት ወጣ፣ በራ ማለት ነው፤ ስሙ የብርሃንን መውጣት ይናገራል። ማስረጃው ላይ የታተመው በእሳቱ ሰ «ሰረቀ ብርሃን» ነበር። ብርሃን ሌባ ተደርጎ! አባትየው አልጮኹም። ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አድርገው ሰ የምትለዋን ፊደል በጣታቸው ብቻ አሳዩኝ። ባክአፕ ነበረን፤ ሌሊቱን ሙሉ ስሞቹን መለስን። ከዚያ ወዲህ ሰው ስሙን የጻፈበትን ፊደል በኮድ ነክቼ አላውቅም፤ አንቺም አትንኪ። ድኅነትንና ድህነትን አንድ አድርጎ የሚያትም ማሽን ምን ያህል ጥፋት እንደሚያደርስ አስቢው።

ስለዚህ ዓምዱ ሁለት ይሁን። አንደኛው «ስም» ነው፤ ሰውዬው እንደጻፈው ይቀመጣል፤ ካርድ ላይ፣ ደረሰኝ ላይ፣ ማስረጃ ላይ የሚወጣው እሱ ብቻ ነው። ሁለተኛው «የፍለጋ ስም» ነው፤ የታጠፈው፣ ማለትም ድምፃቸው አንድ የሆኑ ፊደላት በአንድ ፊደል የተተኩበት፣ ማንም ሰው የማያነበው፣ ለማሽኑ ብቻ የሆነው። ስትፈልጊ ካርድ አውጪዋ የጻፈችውን በዚያው ደንብ ታጥፊና ከሁለተኛው ዓምድ ጋር ታስተያያለሽ። ሁለቱም ወገን በአንድ ደንብ መታጠፉ ላይ ነው ነገሩ ሁሉ። አንዱን ብቻ ካጠፍሽ ፍለጋው ከበፊቱ ይብሳል።

ደንቡ ከባድ አይደለም። ሁለት መስመር ፊደል ነው፤ የላይኛው በታችኛው ይተካል፦

ሐሑሒሓሔሕሖኀኁኂኃኄኅኆሃሠሡሢሣሤሥሦዐዑዒዓዔዕዖኣፀፁፂፃፄፅፆቈኰጐ
ሀሁሂሀሄህሆሀሁሂሀሄህሆሀሰሱሲሳሴስሶአኡኢአኤእኦአጸጹጺጻጼጽጾቆኮጎ

በየመስመሩ 40 ፊደል አለ። ሓ እና ኃ ወደ ሀ እንጂ ወደ ሃ እንዳልሄዱ ልብ በይ፤ በአማርኛ ሀ እና ሃ በንባብ ስለማይለዩ ሁሉንም በአንድ ጠቅልያቸዋለሁ። ኸን ሆን ብዬ ትቼዋለሁ። አንዳንዱ ባለሙያ ኻን ከሀ ጋር ያጥፈዋል፤ በስም ላይ ግን ብዙ ስለማይገጥም ሳያስፈልግ ሰዎችን አልቀላቅልም። ቁዋ ወደ ቋ፣ ጉዋ ወደ ጓ የሚለው ግን እዚህ መስመር ውስጥ አይገባም፤ ይህ ዘዴ አንድን ፊደል በአንድ ፊደል ብቻ ነው የሚተካው። «ጉዋንጉል» እና «ጓንጉል» እንዲገናኙ እነዚህን በተራ መተኪያ ቀድመሽ ሥሪያቸው።

እነዚህን መስመሮች ፓይተንም ፖስትግሬስም «ትራንስሌት» በሚባለው ፋንክሽናቸው ይቀበላሉ፤ አንድ ልዩነት ግን አለ፤ ሳይጎዳሽ እወቂው። ፓይተን ሠንጠረዡን ሲያዘጋጅ ሁለቱ መስመሮች እኩል ካልሆኑ ኤረር ሰጥቶ ያቆምሻል። ፖስትግሬስ ዝም ይላል። የታችኛው መስመር አንድ ፊደል ካጠረ ትርፉን የላይኛውን ፊደል ከስሙ ላይ ያጠፋዋል፤ የጎደለው መሐል ላይ ከሆነ ደግሞ ከዚያ ወዲህ ያለው ሁሉ በአንድ እየተንሸራተተ በሌላ ፊደል ይተካል። ስለዚህ መስመሮቹን ስትጽፊ ቁጥራቸውን የሚያመሳክር ቴስት አብረሽ ጻፊ፤ 12ቱንም የፀሐይ አጻጻፎች እየሰጠሽ አንድ ዓይነት መልስ መምጣቱን የሚያይ ሌላ ቴስትም ጨምሪ።

ደንቡ የት ይኑር ለሚለው የእኔ ምርጫ ዳታቤዙ ውስጥ ነው። ብዙዎች የሞዴሉን (የሠንጠረዡን የጃንጎ ክላስ) «ሴቭ» ሜተድ ላይ ያስቀምጡታል። ነገር ግን በጃንጎ «አፕዴት» እና «በልክ ክሬት» (ብዙ መዝገብ በአንድ ጊዜ የሚለውጡትና የሚያስገቡት) ሴቭን አይጠሩም። ከኤክሴል 5,000 ታካሚ በአንድ ጊዜ የምታስገቢ ቀን የፍለጋ ስማቸው ባዶ ሆኖ ይቀራል፤ ማንም ሳያስተውል። ፖስትግሬስ ከ12ኛው እትም ጀምሮ ራሱ የሚያሰላው ዓምድ አለው፤ ጃንጎም ከ5.0 ጀምሮ «ጀነሬትድ ፊልድ» ብሎ ይደግፈዋል። ማጠፊያውን አንድ የዳታቤዝ ፋንክሽን አድርጊው፤ ዓምዱም በእሱ ይሰላ፤ ፍለጋውም ከካርድ አውጪዋ የመጣውን ጽሑፍ በዚያው ፋንክሽን አሳልፎ ያስተያይ። ያኔ ደንቡ አንድ ቦታ ብቻ ይኖራል። አንድ ማሳሰቢያ አለኝ፦ ፋንክሽኑን ያሻሻልሽ ዕለት የተቀመጡት ዋጋዎች በራሳቸው አይታደሱም፤ ዓምዱን አጥፍተሽ እንደገና ማስላት ይኖርብሻል።

ከማጠፉ በፊት የሚቀድሙ ጥቂት ሥራዎች አሉ፤ ቅደም ተከተላቸው ወሳኝ ነው። ክፍተቶችን አጽጂ። ከቴሌግራም ወይም ከወርድ ተገልብጦ የመጣ ስም ውስጥ ዓይን የማያየው፣ ስፋት የሌለው ክፍተት ይኖራል፤ የፓይተን «ስትሪፕ» ይህን እንደ ክፍተት አይቆጥረውም፤ በዩኒኮድ ቁጥሩ ለይተሽ ማውጣት አለብሽ። «አበበ፡በቀለ» ብለው በሁለት ነጥብ የሚለዩ ታይፒስቶች ዛሬም አሉ፤ እሱንም ወደ ክፍተት ለውጪ። በመጨረሻ ከፍለጋው ስም ላይ ክፍተቱን ጨርሶ አንሺ፤ ወልደ ማርያምና ወልደማርያም የሚገናኙት እንደዚያ ነው።

ምህጻረ ቃሉ ግን አስቸጋሪ ነው። «ገ/መድኅን» ን ወደ ገብረ መድኅን መዘርጋት ቀላል ነው። «ወ/» ላይ ስትደርሺ ቆም በይ። መጀመሪያ ወ/ሮ እና ወ/ሪትን አንሺ፤ አለበለዚያ ኮድሽ ወይዘሮዋን «ወልደሮ» ያደርጋታል፤ ይህ ስክሪን ላይ ወጥቶ በዓይኔ አይቻለሁ። ከዚያም «ወ/ማርያም» ወልደ ማርያም ሊሆን ይችላል፣ ወለተ ማርያምም ሊሆን ይችላል፤ ፊደሉ አይነግርሽም። «ኃ/ማርያም» ኃይለ ማርያም ነው፤ «ሀ/ማርያም» ሀብተ ማርያም ነው፤ ካጠፍሽው በኋላ ግን ሁለቱም ሀ/ ይሆናሉ። ስለዚህ መዘርጋቱ ከማጠፉ ይቅደም። ያም ሆኖ ኃይለ ማርያምን በሃሌታው ሀ የሚጽፍ ሰው ስለማይጠፋ፣ እኔ አንዱን መርጬ አልዘረጋም፤ ኩዌሪው ሁሉንም አማራጭ በ«ወይም» ይጠይቅና የመጡትን ለካርድ አውጪዋ ያሳያት። የምታውቃቸው እሷ ናት። ያኔ የአባት ስምና ዕድሜ አጠገባቸው ይውጣ።

ስልኩ ይቀላል። አኃዝ ያልሆነውን አውጥተሽ፣ ከፊት ያለውን 00251፣ 251 ወይም 0 አንስተሽ፣ የቀረው 9 አኃዝ መሆኑን አረጋግጠሽ በ+251 ጀምረሽ አስቀምጪ። ሞባይል ከሆነ በ9 ወይም፣ ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ በ2022 ከገባ ወዲህ፣ በ7 ይጀምራል። «የመጨረሻዎቹን 9 አኃዞች ውሰድ» የሚለውን አቋራጭ ግን አትጠቀሚ። ልጃቸው ዋሽንግተን ያለች እናት የልጃቸውን ቁጥር ሲያስመዘግቡ የአሜሪካ ቁጥር 10 አኃዝ ነውና አንዱን ትበዪዋለሽ። በ+ የጀመረና 251 ያልሆነ ቁጥር እንዳለ ይለፍ። ደግሞ + የተባለውን ምልክት በሊንክ ውስጥ በእጅሽ ከጻፍሽው ሰርቨሩ ጋ ሲደርስ ክፍተት ሆኖ ይነበባል። ቅጽ ሲላክ ብራውዘሩ ራሱ ይጠነቀቅለታል፤ አንቺ በጃቫስክሪፕት አያይዘሽ የምትልኪው ከሆነ ግን ኢንኮድ ማድረግ (ለሊንክ በሚሆን ኮድ መለወጥ) አትርሺ።

ቀኑ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ምክንያቱም ስህተቱ ድምፅ የለውም። ካርድ አውጪዋ ጥቅምት 5 ቀን 2016 ለማለት 5/2/2016 ብላ ጻፈች እንበል። ጃንጎ በአሜሪካ አቀማመጥ ላይ ካለ ይህን ሜይ 2፣ 2016 ብሎ ያለ አንዳች ቅሬታ ይቀበላል። ትክክለኛው ግን ኦክቶበር 16፣ 2023 ነው። ሕፃኑ ከሰባት ዓመት በላይ አረጀ፤ የክትባቱ ሰሌዳም የመድኃኒቱ መጠንም በዚያ ይሰላል። በክሊኒክ ሲስተም ይህን በቸልታ ማለፍ አይቻልም። ስለዚህ ለቀኑ አንድ ሣጥን አትስጪ። ቀን፣ በስሙ የሚመረጥ ወር፣ ዓመተ ምሕረት ብለሽ ሦስት አድርጊው፤ ሦስቱን የቅጹ ጠቅላላ «ክሊን» ውስጥ አገናኝተሽ ወደ ፈረንጅ ቀን ለውጪ፤ ዳታቤዙ ውስጥ በእሱ አስቀምጪ።

መለወጫው ይኸውልሽ፤ እኔ ራሴ የምጠቀምበት ነው። ከዓመቱ 1 ቀንሰሽ በ365 አብዢ። ዓመቱን ለ4 አካፍለሽ ቀሪውን ጥለሽ ድርሻውን ደምሪ። ከወሩ 1 ቀንሰሽ በ30 አብዝተሽ ደምሪ። ቀኑን ደምሪ። በመጨረሻ 2795 ደምሪ። የሚመጣውን ቁጥር ለፓይተን «ፍሮም ኦርዲናል» ስትሰጪው የፈረንጁን ቀን ይመልስልሻል። በጥቅምት 5 ቀን 2016 ሞክሪው፦ 735475፣ ሲደመር 504፣ ሲደመር 30፣ ሲደመር 5፣ ሲደመር 2795፤ ድምሩ 738809 ይመጣል፤ እሱም ኦክቶበር 16፣ 2023 ነው። ከስሌቱ በፊት ግን ቀኑ መኖሩን መርምሪ፤ ጳጉሜ 6 የሚኖረው ዓመቱ ለ4 ሲካፈል 3 ሲተርፈው ብቻ ነው። 2015 ነበረው፤ 2016 አልነበረውም። ይህን ካልመረመርሽ ስሌቱ ጳጉሜ 6ን ዝም ብሎ መስከረም 1 ያደርገዋል።

ሁለት ነገር ደግሞ በአጭሩ። ይህ ሁሉ ማስተካከል ከኢንጀክሽን ጥቃት፣ ማለትም በቅጽ በኩል የዳታቤዝ ትእዛዝ ከማስረግ፣ መከላከያ አይደለም። ነጠላ ጥቅስን ከስም ላይ እያነሱ «አጸዳን» የሚሉ አሉ፤ በላቲን ፊደል ስማቸውን የሚጽፉ ኢትዮጵያውያን ጸን ለማሳየት ያቺን ጥቅስ ይጠቀማሉ፤ ስማቸውን ማበላሸት ነው። የጃንጎን ኩዌሪ ከተጠቀምሽ፣ በእጅ የምትጽፊው ኤስኪውኤል ካለም ዋጋውን በፓራሜትር ከላክሽ፣ ጥቅሱ ምንም አያደርግሽም። የይለፍ ቃልን ደግሞ በምንም መንገድ አትንኪ፤ ፊደሉን በሌላ አትተኪ፣ ክፍተቱንም አታንሺ። ፍለጋን በጌት፣ ማለትም በሊንኩ አድራሻ ውስጥ፣ መላክ የተለመደ ነው፤ የታካሚ ስም ሲሆን ግን ከአድራሻው ጋር ሰርቨር ሎግና የብራውዘር ታሪክ ውስጥ ስለሚቀር፣ አንቺ እንደጀመርሽው በፖስት ይቆይ።

አሁን ያሉትን ድርብ ካርዶች በተመለከተ፣ የፍለጋውን ዓምድ እንደጨመርሽ በስም፣ በአባት ስምና በተስተካከለው ስልክ የሚገጥሙትን አውጥተሽ ዝርዝር አድርጊያቸው። በኮድ አታዋህጃቸው። አንድ ስልክ የሚጠቀሙ እናትና ልጅ፣ አንድ ስምና አንድ የአባት ስም ያላቸው ሁለት ጎረቤታሞች አሉ፤ የአንዱ የደም ዓይነት በሌላው ካርድ ላይ ከገባ መልሶ መለየት አይቻልም። ዝርዝሩን አትመሽ ለካርድ ክፍል ስጪ። ሁለቱን ፋይል ጎን ለጎን ከፍተው፣ ታካሚው በመጣ ቀን ጠይቀው፣ አንድ ሰው መሆኑን ያረጋገጠ ሠራተኛ ብቻ ያዋህድ፤ ማን እንዳዋሃደና መቼ እንደሆነም ይመዝገብ፤ የተዘጋው የካርድ ቁጥርም ወደ ቀረው እንዲመራ አድርጊ፤ ሰው አሮጌውን ካርድ ይዞ መምጣቱ አይቀርም።